ለጥልፍ ጀማሪ የትኛው ጨርቅ ይሻላል? ከአይዳ እስከ ተልባ እግር



ባለፈው ጥቅምት ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ የጀመርነውን የጥልፍ ሰዓት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሐሳቡ ከእናንተው ከወላጆች የመጣ ነው። ልጆቹ ፊደሉን በደብተር ብቻ ከሚጽፉት በመርፌና በክር ስማቸውን ቢጠልፉት፣ እቤት ሲገቡም ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት፣ ያ ሁሉ ፊደል ከቅዳሜ ቅዳሜ አይጠፋባቸውም ነበር የተባለው። ዘጠኝ ልጆች ተመዘገቡ። በሦስተኛው ቅዳሜ የመጡት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። የጨርቁ ነው። ጨርቁን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ። በዚህ ወር ጥልፉን እንደገና ልንጀምር ስለሆነ፣ አንዳንዶቻችሁም «ምን ዓይነት ጨርቅ እንግዛ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁን፣ የተማርኩትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ያን ጊዜ የገዛሁት ባለ 32 ቁጥር ሊነን ነበር። ቀለሙ ነጣ ብሎ ወደ ክሬም የሚሄድ፣ ክሩ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ያለ። ሳየው በቃ ሸማ መሰለኝ። «የኛን ይመስላል» ብዬ፣ ዋጋው ከሌላው ጨርቅ ከፍ ቢልም፣ ደስ እያለኝ ቆራርጬ ለልጆቹ አደልኩ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ ከመጥለፍ በቀር ስለ ጨርቅ የማውቀው ብዙ አልነበረም።

ከልጆቹ መሃል አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አለች። ጎበዝ ናት፣ ግን ነገር ቶሎ ትተዋለች። የመጀመሪያዋን መስቀል ሰራች፣ ሁለተኛዋን ሰራች፣ ሦስተኛዋ ላይ አንድ ክር ዘለለችና ፊደሉ ተንጋደደ። ፈታችው። እንደገና ሰራች፣ እንደገና ተንጋደደ። ሦስተኛ ጊዜ ስትፈታው ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች፤ ወደኛ ሲመለስ «እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም» ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ያንኑ ቃል ከወር በፊት «ጸ» እና «ፀ» ሲምታቱባት ሰምቻት ነበር። እንግዲህ «አልሆንበትም» ከምትላቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አማርኛን ካስገባች በኋላ፣ አሁን ደግሞ የአያቷን የእጅ ሥራ እኔው በገዛሁት ጨርቅ ላስጨምራት ነው።

ልጅቷን ሊወስዱ የመጡት አያቷ ነበሩ። ጨርቁን አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ያው የኤቨረት ጥቅምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ፣ ገና በቀን ጨለምለም ያለ። በሁለት ጣታቸው አሻሹት፣ ወደ ብርሃኑ አነሱት።

«ይሄን ማነው የመረጠላቸው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ያምራል። ለነሱ ግን አይሆንም የኔ ልጅ። ክሩ እኩል አይደለም። ምኑን ትቁጠረው?»

እኔም ለመከራከር ያህል ሸማ ስለሚመስል ነው የመረጥኩት አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ሸማ ላይ እኮ እኛም ቆጥረን አንጠልፍም» አሉ። «መጀመሪያ በእርሳስ ይነደፋል፣ ከዚያ በንድፉ ላይ ነው የሚሄደው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ጥልፍ ስንል በቀሚስ ደረት ላይ ያለውን፣ ቅርጹ አስቀድሞ ተነድፎ የሚሰፋውን ነው የምናስበው። ልጆቹ የሚሰሩት ግን የሚቆጠር መስቀለኛ ጥልፍ ነው። ጨርቁ ላይ ምንም ንድፍ የለም። ንድፉ ያለው ወረቀት ላይ፣ ካሬ ካሬ ሆኖ ነው፤ አንዱ ካሬ አንድ መስቀል ነው። ስለዚህ የጨርቁ ክር ራሱ መስመሩ ነው ማለት ነው። መስመሩ ከተዛባ ፊደሉ ይዛባል።

ጨርቅ ስትመርጡ እንግዲህ መጀመሪያ የምታዩት ድሩንና ማጉን ነው። ሸማኔው በርዝመት የሚዘረጋው ድር፣ በመወርወሪያ በአግድም የሚያስገባው ማግ። ለሚቆጠር ጥልፍ የሚሆን ጨርቅ በአንድ ኢንች ውስጥ የድሩ ቁጥርና የማጉ ቁጥር እኩል የሆነ ነው። እኩል ካልሆነ ምን ይሆናል? ድሩ በኢንች 28፣ ማጉ በኢንች 24 የሆነ ጨርቅ ገዛችሁ እንበል። በሁለት በሁለት ክር እየሄዳችሁ ሃያ መስቀል በሃያ መስቀል ጠለፋችሁ። ወረቀቱ ላይ ካሬ የነበረው ጨርቁ ላይ አንድ ጎኑ 1.4 ኢንች ገደማ፣ ሌላው ጎኑ 1.7 ኢንች ገደማ ይሆናል። «ዐ» የተባለችው ክብ ፊደል እንቁላል ሆነች ማለት ነው። ልብስ ስፌት ክፍል በያርድ የሚሸጠውን ሊነን ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ የምላችሁ ለዚህ ነው። ለቀሚስ የተሠራ እንጂ ለመቆጠር አልተሠራም። አንድ ኢንች በማስመሪያ ለክታችሁ ሁለት ስፒል ስኩ፣ በመሃላቸው ያለውን ክር በመርፌ ጫፍ ቁጠሩ፤ ከዚያ ጨርቁን አዙራችሁ እንደገና። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ መልሱት።

ለልጆቹ ያኔ ልገዛው ይገባ የነበረው አይዳ የሚባለው ነው። አይዳ መቶ በመቶ ጥጥ ሆኖ የተሸመነው ክሮቹ በቡድን በቡድን ሆነው ነው። ስለዚህ ጨርቁ ራሱ ካሬ ካሬ ሆኖ ይታያል፣ በየካሬው ማዕዘን ላይ በዓይን የሚለይ ቀዳዳ አለው። ልጁ ክር አይቆጥርም፤ ካሬ ነው የሚቆጥረው። ማሸጊያው ላይ 11፣ 14፣ 16፣ 18 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። በአንድ ኢንች ስንት መስቀል እንደሚገባ ነው የሚነግራችሁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ካሬው ያንሳል። ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ላሉት 11 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ላሉትና ለእኛ ለጀማሪ ትልልቆች 14። 18 ለዓይን ይከብዳል፣ አሁን ተዉት። አይዳ ደግሞ ሲገዛ ደረቅ ነው፤ አንዳንድ እናቶች «ካርቶን ይመስላል» ብለው ይንቁታል። ለጀማሪ ግን ድርቀቱ ጥቅም ነው፣ በልጅ እጅ ውስጥ አይጨማደድም። ሲታጠብ ይለሰልሳል።

«የኛን አይመስልም» ለምትሉኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም ብዬው ነበርና። ሊነን ሸማ ይምሰል እንጂ ሸማ ጥጥ ነው። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ቀሚስ አለ። ጨርቁ ጥጥ ነው፣ ጥልፉ ሐር። ስለዚህ ባህልን በተመለከተ ከሆነ ጥጡ አይዳ ከሊነኑ ይልቅ ለሸማ ዘመድ ይቀርባል።

ሊነን ምንድን ነው ታዲያ? ልጆቹ ሲጠይቁኝ ወዲያው መልስ አልነበረኝም፤ እማማ ናቸው የነገሩን። በአማርኛ ስሙ የተልባ እግር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል። ያ በጾም ወቅት ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ ማለት ነው! እኛ አገር የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ ለጨርቅ የሚሆነው ደግሞ ቁመቱ ረዘም ያለው ዓይነት ሆኖ፣ አገዳው ውኃ ውስጥ ወይም ጤዛ ላይ እንዲበሰብስ ተደርጎ፣ ተሰባብሮና ተበጥሮ ውስጡ ያለው ጭረት ይፈተላል። ከልጆቹ አንዱ «እና ጨርቁ ይጠጣል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» የሚለውን ተረት ያስተማርናቸውም በዚያው ቀን ነው። በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ አልነበረም፣ ግን እስካሁን ያልረሱት እሱን ነው።

እንግዲህ አይዳውን ጨርሳችሁ፣ ወይም ድሮ ጠልፋችሁ የምታውቁ ሆናችሁ፣ ወደ ሊነን መሻገር ለምትፈልጉ እናቶች (አንድ አባትም ጠይቀውናል)፣ ከእኔ ስህተት ትማሩ ዘንድ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ከአይዳ ወደ ሊነን በቀጥታ አትዝለሉ። በመሃል ለጥልፍ ተብሎ እኩል የተሸመነ፣ ጥጥ ከሌላ ክር ጋር የተደባለቀበት ጨርቅ አለ። ሉጋና የሚባለው አንዱ ነው፤ በ25 እና በ28 ቁጥር ይገኛል። እንደ ሊነን ነጠላ ነጠላ ክር ነው የምትቆጥሩት፣ ግን ክሩ ሁሉ ውፍረቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓይን አይሸወድም። እዚያ ላይ አንድ ትንሽ ሥራ ሠርታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ ይለምዳል።

ሊነኑን ስትገዙ 28 ቁጥር ውሰዱ፣ እንደኔ 32 አትበሉ። በሊነን ላይ አንድ መስቀል የሚያርፈው በሁለት ክር ላይ ነው፤ ሁለት ክር ወደ ቀኝ፣ ሁለት ክር ወደ ላይ። ስለዚህ ባለ 28 ሊነን ልክ እንደ ባለ 14 አይዳ ነው፣ በኢንች 14 መስቀል ይሰጣል። ባለ 32 ደግሞ እንደ ባለ 16። ይህን ካወቃችሁ ለአይዳ የተዘጋጀውን ንድፍ ሁሉ ሊነን ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ቀለሙ ነጭ ወይም ክሬም ይሁን። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ቀዳዳው አይታይም። ጥቁሩን ካልሠራሁ ካላችሁ ጉልበታችሁ ላይ ነጭ የትራስ ልብስ ዘርጉ፤ ከስር ሲበራ ቀዳዳው ይታያል።

ከሁሉ የጠቀመኝ አንድ ዘዴ አለ። ሊነኑን አቅርባችሁ ብታዩት ድሩና ማጉ በተሻገሩበት ሁሉ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ነው። የመጀመሪያውን መስቀል ስትጀምሩ ቁልቁል የሚሄደው ክር ከላይ ሆኖ ከሚታይበት ቦታ አጠገብ መርፌውን አውጡ። በሁለት በሁለት ስለምትሄዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መስቀል ሁሉ እዚያው ዓይነት ቦታ ላይ ይጀምራል። አንድ ክር ከዘለላችሁ ወዲያው ቦታው የተለየ ሆኖ ይታያችኋል፤ ሃያ መስቀል ሄዳችሁ ሳይሆን እዚያው ላይ። ያቺ ልጅ ይህን የሚነግራት ቢኖር ኖሮ ሦስት ጊዜ አትፈታውም ነበር።

ቋጠሮ አትቋጥሩ። በሊነን ቀዳዳ ቋጠሮው ሾልኮ ይወጣል፣ ካልወጣም ፊት ለፊት ጉብ ብሎ ይታያል። አንድ ቀጭን ክር በእጥፍ ርዝመት ቁረጡ፣ እጠፉት፣ ሁለቱን ጫፎች በመርፌው ቀዳዳ አስገቡ። የመጀመሪያውን ግማሽ መስቀል ስትመለሱ ከኋላ በቀረው ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ ሳብ አድርጉት፣ ይያዛል። መርፌዋ ጫፏ ደነዝ የሆነች የጥልፍ መርፌ ትሁን፤ ለ14 አይዳ 24 ቁጥር፣ ለ28 ሊነን 26 ቁጥር። ሹል መርፌ ክሩን ይሰነጥቀዋል፣ ልጅም ይወጋል። የጨርቁን ዳር ደግሞ መጀመሪያ ዘምዝሙት፣ ሊነን እጅ ላይ እያለ ይተረተራል።

ስንት ጨርቅ ይበቃል? «ሰላም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። እኛ ባዘጋጀነው ንድፍ አንዱ ፊደል 12 ካሬ በ12 ካሬ ነው፣ በፊደሎቹ መሃል 3 ካሬ ክፍተት አለ። ሦስት ፊደል 36፣ ሁለት ክፍተት 6፣ ድምሩ 42። 42ን ለ14 ስታካፍሉ 3 ኢንች። ቁመቱ ወደ አንድ ኢንች ነው። በአራቱም ጎን ሦስት ሦስት ኢንች ጨምሩ፤ ለቀለበቱ መያዣና ለፍሬም ያስፈልጋል። ስለዚህ 9 ኢንች በ7 ኢንች ትቆርጣላችሁ። ባለ 11 አይዳ ከሆነ ቃሉ ወደ 4 ኢንች ስለሚጠጋ ጨርቁም 10 በ8 ይሁን። ይህን ስሌት ለልጆቹ ተዉላቸው፤ በአማርኛ ማካፈል የሚባለውን ቃል የት ሌላ ቦታ ይሰሙታል?

የአያታችሁን ነጠላ ወይም የልጃችሁን የሐበሻ ቀሚስ መጥለፍ ከፈለጋችሁ መፍትሔ አለው። ሸማ ላይ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ስለሚሆን ወፈር ቀጠን ይላል፣ ጨርቁም ሳሳ ብሎ ይንሸራተታል፤ እሱን ቆጥሮ መጥለፍ አይሞከርም። ነገር ግን በውኃ የሚሟሟ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ካንቫስ ይሸጣል። ቀሚሱ ላይ በስፒል ወይም በጅማት ስፌት ታያይዙታላችሁ፣ በቀዳዳው እየቆጠራችሁ ሁለቱንም አንድ ላይ ትጠልፋላችሁ፣ ሲያልቅ ለብ ባለ ውኃ ስትነክሩት ካንቫሱ ይሟሟል፣ መስቀሉ ቀሚሱ ላይ ይቀራል። ከመንከራችሁ በፊት ግን ክሩን ፈትኑት። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካላልን አይሆንልንም፣ ቀዩ ደግሞ ቀለም የሚለቅ ነው። ትንሽ ክር በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስኪደርቅ ተዉት፤ ጨርቁ ከቀላ ያን ክር ለሸማ አትጠቀሙበት። ዲኤምሲ የሚባለው የጥጥ ክር ጥሩ ነው። አንዱ ልቃቂት 8 ሜትር ሆኖ ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው፤ ለ14 አይዳና ለ28 ሊነን ሁለቱን ብቻ ነጥላችሁ ትጠልፋላችሁ። ለ11 ሦስት።

የት ይገኛል? ጆአን እ.ኤ.አ. በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ከዘጋ ወዲህ ጨርቅ ዳስሶ መግዛት ከብዷል። አይዳና ክር ማይክልስና ሆቢ ሎቢ ውስጥ አለ። ሊነንና ሉጋና በብዛት የምታገኙት ኦንላይን ነው፣ ሳትዳስሱት ስለምትገዙ ቁጥሩንና «እኩል የተሸመነ» መሆኑን አንብቡ። ቤተ መጻሕፍት ስትሄዱ ደግሞ የጥልፍ መጻሕፍት የሚደረደሩት 746.44 በሚለው ቁጥር ስር ነው።

ጥልፉ ለአማርኛው ምን ጠቀመ ለምትሉን፣ ይህን አይተናል። በአራተኛው ቅዳሜ ሊነኑን ሰብስቤ ባለ 11 አይዳ ሰጠኋቸው። እማማም አብረው ተቀመጡ። እሳቸው እንግሊዝኛ አይቆጥሩም፤ ስለዚህ ቆጠራው በአማርኛ ሆነ። ልጅቷ እስከ ሃያ መቁጠር ትችላለች፣ ግን እንደ መዝሙር ነው፤ ከአንድ ካልጀመረች አታገኘውም ነበር። «ሰባት ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደ ታች» ሲሏት መጀመሪያ በጣቷ ከአንድ ጀምራ ሰባት ትደርሳለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣቷን ተወችው። ፊደሉም እንደዚሁ። «ለ» ላይ በቀኝ እግሩ መሃል ሁለት መስቀል ስትጨምር «ሉ» እንደሚሆን፣ ያንኑ ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ ስታወርደው «ሊ» እንደሚሆን በእጇ አየችው። ደብተር ላይ አምሳ ጊዜ ጽፋዋለች፤ እዚህ ግን እያንዳንዷን ጭረት በአራት የመርፌ ቀዳዳ ነው የከፈለችበት።

አያትየውም ቢሆኑ፣ ልጃቸው እንደነገሩን፣ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው፣ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ልጅቷ ከትምህርት ስትመጣ ሰላም ብላ ወደ ክፍሏ ነበር የምትገባው። አሁን ጨርቁን ይዛ ሶፋው ላይ ከጎናቸው ትቀመጣለች። ብዙ አያወሩም አሉኝ። «ሳብ»፣ «አታጥብቂው»፣ «ቁጠሪ»፣ «እሰይ»። ስሟን ጨርሳ አሁን የአያቷን ስም ጀምራለች። የአያቷ ስም አምስት ፊደል ነው፣ ጨርቁ አነሳትና እንደገና ቆረጥንላት።

የጥልፉ ሰዓት በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደተለመደው ከትምህርት በኋላ በሁለተኛው ክፍል ይጀምራል። ባለ 11 እና ባለ 14 አይዳ፣ መርፌና ንድፍ እኛ እናዘጋጃለን። እናንተ መቀስ፣ መነጽር ለሚያስፈልጋቸው መነጽር፣ ከተቻለም በባትሪ የሚሠራ መብራት ይዛችሁ ኑ፤ የክፍሉ መብራት ደካማ ነው። እቤት አያት ወይም አክስት ካሉ እባካችሁ አምጧቸው፣ ቡና እናፈላለን። ያ 32 ቁጥር ሊነን ሰባት ቁራጭ ተርፏል፤ እጁ የለመደ ካለ መጥቶ ይውሰድ።

የቅዳሜ ክፍል በጎ ፈቃደኛ መምህራን፣ ኤቨረት